በረዶ መሥሪያ ያለው ፍሪጅ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

በረዶ መሥሪያ ያለው ፍሪጅ ገዝተው በረዶውን ሳያዩ የቀሩ ሰዎች ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ፍሪጁ ያቀዘቅዛል፣ የውስጥ መብራቱም ይበራል፤ በረዶ መሥሪያው ግን ከመጀመሪያው ባዶ ይቀራል፣ ወይም ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ያቆማል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ገዢው የፍሪጁን ስፋትና ቀለም አማርጦ ሲያበቃ የቤቱን ውሃ ሳይለካ በመክፈሉ የመጣ ችግር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከሱቁ ሳይሆን ከቤትዎ ነው። ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ በአንዱ ላይ «አይሆንም» የሚል መልስ ካገኙ በዚያው ቦታ የተጻፈውን አማራጭ ይውሰዱ እንጂ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

የሜትር መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ቴስተርና በቧንቧ አፍ ላይ የሚገጠም የውሃ ግፊት መለኪያ ይያዙ። ግፊት መለኪያውን በቧንቧ ዕቃ መሸጫ ካጡት ከሚያውቁት ቧንቧ ሠራተኛ ይዋሱ። ቴስተር ይዘው የማያውቁ ከሆነ ሶኬት ውስጥ አይክተቱት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይለካልዎ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተርና አንድ ሳምንት ነው። የሚቸኩል ገዢ የሚዘለው ይህንኑ ሳምንት ነው።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን በረዶ በግራም ያስሉ

«በረዶ እንወዳለን» የሚለው መልስ ለውሳኔ አይበቃም። አንድ የተለመደ የበረዶ እንክብል ከ15 እስከ 20 ግራም ይመዝናል፤ ለአንድ ብርጭቆ ጁስ አምስት እንክብል ቢጨምሩ ከ75 እስከ 100 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በረመዳን ለአፍጥር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢያቀርብ የሚፈልገው በረዶ ከ600 ግራም አይበልጥም። ከፍሪጅ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ የበረዶ ቅርጽ አንዱ ወደ 250 ግራም ይይዛል። እንግዲህ ማታ ሦስት ቅርጽ ሞልቶ ማሳደር፣ ጠዋት ወደ ላስቲክ ከረጢት አራግፎ እንደገና መሙላት ለዚህ ቤት በቂ ነው።

በቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለ በረዶ መሥሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው እንደ ሞዴሉ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከራስዎ ፍላጎት ጋር ያስተያዩ።

በቀን ከግማሽ ኪሎ በታች ከሆነ፣ ወይም በረዶ የሚያስታውሱት በበዓልና በእንግዳ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ያለ በረዶ መሥሪያ ሰፋ ያለ ፍሪዘር ያለው ፍሪጅ ይግዙ። በእኔ ግምት አብዛኛው የደሴ ቤት የሚወድቀው በዚህ ክፍል ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም በሚውልበት ከተማ በረዶ ስጡኝ የሚል እንግዳ አይበዛም።

በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ይህም ሙቀቱ ጠንከር በሚልበት በኮምቦልቻ ብዙ ሰው ላለበት ቤት የሚያጋጥም ነው፣ ወደ ደረጃ 2 ይለፉ።

ጁስ ቤት ወይም ካፌ ከሆኑ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በቀን መቶ ብርጭቆ የሚሸጥ ቤት ወደ 10 ኪሎ ግራም በረዶ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ከቤት ፍሪጅ መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ራሱን የቻለ የበረዶ ማሽን ነው። የሚከተሉት የውሃና የመብራት ምርመራዎች ግን ለዚያም ያገለግላሉ።

ደረጃ 2፦ ውሃዎን ይመርምሩ

ውሳኔው የሚለየው እዚህ ነው። ሦስቱን ምርመራዎች በሙሉ ያድርጉ።

ሀ. ውሃው ይቀጥላል ወይ?

ለአንድ ሳምንት የመስመር ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፉ። በረዶ መሥሪያ በቀን የሚጠጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ስለሆነ ብዛቱ አያሳስብዎ። ችግሩ ውሃውን በአንድ ጊዜ አለመውሰዱ ነው፤ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ወይም በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ አንድ ሲኒ ያህል ይስባል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቀጥታ ከመስመር ጋር የተገናኘ መሥሪያ አብዛኛውን ዙር በባዶ ያሳልፋል። ደብተርዎ ላይ ውሃ የሌለባቸው ቀናት ከታዩ «መስመር» የሚለውን ሐሳብ ይተዉና ከሮቶ የሚመጣውን ውሃ ብቻ ይመርምሩ።

ለ. ግፊቱ ይበቃል ወይ?

በቧንቧ የሚገናኙ ፍሪጆች መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ1.4 እስከ 2 ባር የሚደርስ ዝቅተኛ ግፊት ይጠይቃል፤ ከፍተኛው ወደ 8 ባር ነው። አንዳንዶቹ መመሪያዎች በፒ ኤስ አይ (psi፣ ሌላው የግፊት መለኪያ) ስለሚጽፉት ዝቅተኛውን ከ20 እስከ 30፣ ከፍተኛውን 120 ብለው ያገኙታል።

የሮቶዎን ግፊት ያለ መሣሪያም ማስላት ይችላሉ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ከሮቶው ግርጌ እስከ ፍሪጁ ቦታ ያለውን የቁም ከፍታ ይለኩና ለ10 ያካፍሉ። በቪላ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ በላይ 4 ሜትር ቢሆን ግፊቱ 0.4 ባር ነው፤ ከሚፈለገው ሲሶውም አይሞላም። ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ደግሞ ምድር ቤት ያለው ሰው 1.4 ባር ሊያገኝ ሲችል፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ከዚያው ሮቶ ምንም የሚረባ ግፊት አያገኝም።

«ውሃው እየወረደ አይደል? ቀስ ብሎ ይሞላዋል» የሚል ሻጭ ያጋጥምዎታል። አይመኑት። የፍሪጁ የውሃ መግቢያ ቫልቭ ተመልሶ የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት እየተደገፈ ነው። ግፊቱ ካነሰ ቫልቩ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ወደ መሥሪያው በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል። ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ቆመ የሚባለው ፍሪጅ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የመስመሩን ውሃ ግፊት በመለኪያ ሲለኩ ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ አንዴ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ፣ አንዴ ደግሞ ሌላ ቧንቧ ተከፍቶ። ዝቅተኛው ንባብ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ሰው ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት፣ እንደገና ይለኩ። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ከማጠራቀሚያው በጣም ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቤት ሌሊት ከፍተኛ ግፊት ሊያጋጥመው ይችላል፤ ወደ 8 ባር የሚጠጋ ከሆነ ግፊት መቀነሻ ሳያስገጥሙ ፍሪጅ አያገናኙ፤ ቱቦው በሌሊት ቢፈነዳ ውሃው የሚያድረው ቤትዎ ውስጥ ነው።

ግፊቱ ካነሰ ያለዎት መፍትሔ ከሮቶው በኋላ የሚገጠምና ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሣ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ነው። ሲገዙ ከ2 እስከ 3 ባር የሚሰጥና ውሃ ሲያልቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በደረቁ የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላል። ፓምፑን በቀጥታ በከተማው መስመር ላይ አይግጠሙ፤ የጎረቤትን ውሃ ከመሻማቱ ሌላ መስመሩ ባዶ ሲሆን በስንጥቅ በኩል ቆሻሻ ስቦ ያስገባል። የፓምፑንና የቧንቧ ሠራተኛውን ዋጋ ደብተርዎ ላይ ከፍሪጁ ዋጋ ጎን ይጻፉት፤ በደረጃ 5 ይፈለጋል።

ሐ. ውሃው ይጠጣል ወይ?

ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም። በቧንቧ የሚገናኝ መሥሪያ የሚያረጋው በጥሬው ከሮቶዎ የወረደውን ውሃ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው የከሰል ማጣሪያም ጣዕምና የክሎሪን ሽታ ይቀንሳል እንጂ ውሃን ከተዋህስያን አያነጻም። ለልጆችዎ የሚያጠጡትን ውሃ አፍልተው ወይም አክመው ከሆነ የሚያጠጡት፣ ካልፈላ ውሃ የተሠራ በረዶ በዚያው ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ድካምዎን መና ያስቀራል። ሁለት አማራጭ አለዎት፦ ወይ በራስዎ እጅ ውሃ የሚሞሉለትን ዓይነት መሥሪያ ይመርጣሉ፣ ወይ ከፍሪጁ በፊት ተዋህስያንን የሚያስቀር ማጣሪያ ያስገጥማሉ። ሁለተኛው ወጪውም ጣጣውም ብዙ ነው።

ውሃውን የሚያፈሉ ከሆነ ከፍታውን አይርሱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም ሸፍነው ያቀዝቅዙት።

የማንቆርቆሪያዎን ወለልም ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃዎ ኖራ ይበዛዋል፤ ይኸው ኖራ ቫልቩንና ቱቦውን ያጠብባል፣ በረዶው ሲቀልጥም ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ከፈረቃ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ ደፍርሶ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከፍሪጁ በፊት ባለ 5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ የግድ ነው።

ደረጃ 3፦ የመብራቱን ሁኔታ ይመዝግቡ

ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁሉም ቤት ምጣዱንና ምድጃውን በሚጥድበት ሰዓት፣ በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ያስለኩ። ከ200 ቮልት በታች የሚወርድ ወይም ከ240 በላይ የሚወጣ ከሆነ ለፍሪጁ አቅም የሚመጥን ስታቢላይዘር በዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ። የመረጡት ስታቢላይዘር መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መሆኑን ይጠይቁ፤ ኮምፕሬሰሩን የሚገድለው ከመጥፋቱ ይልቅ ወዲያው መመለሱ ነው።

የመብራት መጥፋት በረዶ መሥሪያውን በሌላ መንገድም ይጎዳል። በሩ ሳይከፈት የቆየ ሙሉ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ብቻ የተሞላ እስከ 24 ሰዓት ይቋቋማል፤ የታችኛው ክፍል ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይተማመኑበት። በመሥሪያው ሳጥን ውስጥ ያለው እንክብል ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጥና መብራት ሲመለስ አንድ ላይ ይጣበቃል፤ በበር በኩል በረዶ የሚያወጣ ፍሪጅ ከሆነ የሚገፋው ሞተር ይታነቃል። ብዙ ሰው «መብራት ሲጠፋ በረዶው ይጠቅመኛል» ብሎ መሥሪያ ያለውን ይገዛል፤ ለዚህ ዓላማ ግን በፍሪዘሩ ውስጥ የሚቀመጡ ሁለት ሊትር የሚይዙ፣ ከአፋቸው ትንሽ ጎደል ተደርገው የተሞሉ የውሃ ጠርሙሶች ከእንክብል ይበልጥ ይቆያሉ፤ ዋጋም የላቸውም።

ደረጃ 4፦ ፍሪጁ የሚቀመጥበትን ክፍል ሙቀት ይለኩ

ይህን ደረጃ የኮምቦልቻ አንባቢ በፍጥነት ሊያልፈው ይችላል፤ የደሴ አንባቢ ግን ይቆይበት።

ፍሪጅ የሚሠራው በተወሰነ የክፍል ሙቀት ውስጥ ሲሆን ይህም ከጀርባው ወይም ከውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ በፊደል ይጻፋል። «ኤስ ኤን» (SN) ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» (N) ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» (ST) ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» (T) ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ማለት ነው። ሁለት ፊደሎች በሰረዝ ተያይዘው ከተጻፉ ሁለቱንም ክልል ይሸፍናል።

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን በወጥ ቤትዎ ውስጥ ያንብቡ። ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ ወጥ ቤት በደሴ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በርካታ ርካሽ ፍሪጆች ሙቀት የሚለኩት በታችኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ክፍሉ በራሱ ከቀዘቀዘ «በቃኝ» ብለው ኮምፕሬሰሩን አያስነሡም፣ ፍሪዘሩም ቀስ በቀስ ይሞቃል። በረዶ መሥሪያው ደግሞ እንክብሉን የሚጥለው ቅርጹ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በጣም በበረደ ሌሊት በረዶ የማይሠራው ፍሪጅ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል።

የማለዳው ንባብ ከ16 በታች ከሆነ «ኤስ ኤን» ያለበትን ሰሌዳ ይፈልጉ፤ ከ10 በታች ከሆነ ፍሪጁን ወደ ዋናው ቤት ያስገቡ። ከዓረብ አገር የሚመጡ ፍሪጆች አብዛኛውን ጊዜ ለሙቀት የተዘጋጁ «ቲ» ስለሆኑ ለደሴ ውጭ ወጥ ቤት አይስማሙም፤ ለኮምቦልቻ ግን የማለዳው ንባብ ከ16 በታች ካልወረደ ምንም አይሉም።

በሁለቱም ከተሞች አየሩ ከባሕር ጠረፉ የሳሳ ነው፤ በደሴ በአንድ አምስተኛ ገደማ። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ መመሪያው ከጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ ካለ እርስዎ 10 ይተዉ።

ደረጃ 5፦ ከአራቱ አንዱን ይምረጡ

የመጀመሪያው ተራ የበረዶ ቅርጽ ነው። አይበላሽም፣ የፈላ ውሃ ይቀበላል፣ ቦታ አይሻማም። በደረጃ 1 ላይ ከግማሽ ኪሎ በታች የጻፈ ሰው ሌላውን አያንብብ።

ሁለተኛው በፍሪዘሩ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣ፣ እጀታውን ሲያጠማዝዙ እንክብሉን ወደ ታች ሳጥን የሚጥል ቅርጽ ነው። ሻጮች ይህንንም «በረዶ መሥሪያ አለው» ብለው ይሸጡታል። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ነገር ግን ውሃ የሚሞሉት እርስዎ ስለሆኑ ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

ሦስተኛው በታችኛው ክፍል ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ በእጅ ሞልተው ውሃውን ራሱ እየሳበ በረዶ የሚሠራ ነው። የመስመር ግፊት አይጠይቅም፣ የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ ሊሞላበት ይችላል፣ ቤት ሲቀይሩም አብሮዎ ይሄዳል። በሁለቱም ከተሞች በረዶ በየቀኑ ለሚፈልግ ቤት፣ በተለይም ለተከራይ፣ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ጣጣው ማጠራቀሚያውን በየሳምንቱ አውጥቶ ማጠብ ነው፤ ካልታጠበ ያንሸራትታል፣ በረዶውም ይሸታል። ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ ማጠራቀሚያው የመጠጥ ውሃ በበር በኩል ለመቅዳት ብቻ የሆነና ከበረዶው ጋር የማይገናኝ ፍሪጅም አለ።

አራተኛው በቧንቧ የሚገናኘው ነው። ይህን የሚመርጡት አምስቱም ሲሟሉ ብቻ ይሁን፦ የቤቱ ባለቤት ከሆኑ ወይም አከራይዎ ግድግዳ እንዲበሳ ከፈቀዱ፤ ውሃው ከሮቶ ሳይቋረጥ ከወረደ፤ ግፊቱ በራሱ ወይም በፓምፕ 2 ባር ከደረሰ፤ ማጣሪያ በየስድስት ወሩ ገደማ ለመቀየር ከተዘጋጁና ማጣሪያው በደሴ ወይም በኮምቦልቻ መኖሩን በዓይንዎ ካዩ፤ የፍሪጁ፣ የፓምፑ፣ የማጣሪያውና የሠራተኛው ዋጋ ተደምሮ አሁንም ካልከበደዎ። አንዱ ከጎደለ ወደ ሦስተኛው ይመለሱ።

ከፍሪጅ ውጭ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የበረዶ ማሽንም አለ። ፈጣን ነው፤ የመጀመሪያውን በረዶ ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣል፤ ሆኖም ማሽኑ ራሱ ፍሪዘር ስላልሆነ የወጣውን ወዲያው ወደ ፍሪዘር ካላዛወሩት ይቀልጣል። ኮምቦልቻ ላለ፣ ፍሪጁ ደህና ለሆነና በረዶ ለጥቂት ወራት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አዲስ ፍሪጅ ከመግዛት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ሳይከፍሉ ሰሌዳውን ያንብቡ

በሰሌዳው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልትና 50 ኸርዝ መጻፉን ያረጋግጡ። ይህ በተለይ ዘመድ ከሳዑዲ ለሚልክላቸው ቤተሰቦች ነው። በዚያ አገር መስመሩ 60 ኸርዝ ሲሆን የቆዩ ቤቶች ደግሞ 127 ቮልት ይጠቀሙ ነበር። ለ127 ቮልት የተሠራ ፍሪጅ በእኛ ሶኬት ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። 220 ቮልት ሆኖ «60 ኸርዝ» ብቻ የተጻፈበት ደግሞ ይሠራል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ቀስ ብሎ እየዞረ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። «50/60» የሚል ከሆነ ችግር የለም። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሰሌዳውን ፎቶ በስልክ ያስልኩ።

ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መልሱንም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፦ የውሃ መግቢያ ቫልቩና ማጣሪያው እዚሁ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣል? ዋስትናው በረዶ መሥሪያውን ይጨምራል? መሥሪያውን ለብቻው ማጥፋት ይቻላል? የመጨረሻው መልስ «አይቻልም» ከሆነ አይግዙ።

በዚያው የፍሪዘሩን በር ከፍተው መሥሪያውና ሳጥኑ የያዙትን ቦታ በሜትር ይለኩ። ለበዓል ሥጋ የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው የሚሄደው።

ደረጃ 7፦ አጓጉዘው ይትከሉ

ፍሪጁን አቁመው ይጫኑ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ መውረድም ይሁን ከአዲስ አበባ ማስመጣት፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ በገመድ ይሰር። ተጋድሞ ከመጣ ቀጥ አድርገው አቁመው ሳይሰኩ ያሳድሩት።

ከቧንቧ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ቅርንጫፍ መስመሩ በቲ (ባለ ሦስት አፍ የቧንቧ ማገናኛ) ይውጣ፣ በእጅ የሚዘጋ የራሱ ቫልቭም ይኑረው። ቧንቧውን በመርፌ በስቶ የሚገባውን ርካሽ ማገናኛ እምቢ ይበሉ፤ ይደፈናል፣ ያፈስሳልም።
2. የደለል ማጣሪያውን ከቫልቩ በኋላ ይግጠሙ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይሁን።
3. ቱቦውን ከፍሪጁ ከማገናኘትዎ በፊት አሥር ሊትር ያህል ወደ ባልዲ ያፍስሱ። አዲስ መስመር ውስጥ የቀረ አሸዋና የክር ፍርፋሪ የቫልቩን ወንፊት የሚደፍነው በመጀመሪያው ቀን ነው።
4. ከጀርባው ሁለት ሜትር ያህል ቱቦ ጠቅለል አድርገው ይተዉ፤ አለዚያ ፍሪጁን ለጽዳት ሲስቡ ይነቀላል።
5. ውሃውን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት እየነኩ ያረጋግጡ። ሶፍቱ ከረጠበ ፍሪጁን አይግፉ።
6. ፍሪዘሩን በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ የታችኛውን ክፍል በ4 ዲግሪ ያድርጉ፤ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በረዶ መሥሪያውን ያብሩ።
7. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙር በረዶ ይድፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በረዶው እንዲፈጥን ብለው ማስተካከያውን መጨረሻ ድረስ አያዙሩ። ኢንሱሊን በቤትዎ ካለ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል።

ደረጃ 8፦ ሲቆም ምን ያደርጋሉ?

ከአንድ ቀን በኋላም በረዶ ከሌለ፦ በመጀመሪያ በሳጥኑ ላይ ያለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ክንድ ወደ ታች መውረዱን ይዩ፤ ወደ ላይ ከተነሣ መሥሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በፍሪዘሩ ውስጥ ቴርሞሜትር ያሳድሩ። ከዜሮ በታች 15 እንኳ ካልደረሰ ችግሩ የማቀዝቀዝ እንጂ የበረዶ መሥሪያው አይደለም፤ የበሩን ላስቲክ፣ የጀርባውን አቧራና የክፍሉን ሙቀት ይመልከቱ። ውሃው እየሄደ መሆኑን የሚፈትሹት በመጨረሻ ነው፦ መዝጊያውን ዘግተው ቱቦውን ከፍሪጁ ጀርባ ይፍቱ፣ ወደ ባልዲ ይክፈቱ።

እንክብሉ ትንሽ ወይም ውስጡ ባዶ ከሆነ፦ የሚደርሰው ውሃ አንሷል። ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ ካልተሻለው ግፊቱን እንደገና ይለኩ።

ቀጭኑ ቱቦ ረግቶ ከተደፈነ፦ ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ውሃውን ይዝጉ፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቱቦው ላይ ደጋግመው ያድርጉ። በቢላ አይጎርጉሩ፣ እሳትም አያስጠጉ፤ የአዳዲስ ፍሪጆች ጋዝ ተቀጣጣይ ሊሆን ይችላል። በወሩ ተመልሶ ከተደፈነ ወይ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ ወይ ቫልቩ መቀየር አለበት።

እንክብሉ አንድ ላይ ከተጣበቀ፦ መብራት ጠፍቶ ቆይቷል፤ ሳጥኑን በሙሉ ይድፉ። እርስዎ ከቤት ርቀው በነበሩበት ጊዜ ምን እንደሆነ ለማወቅ በረጋ የሲኒ ውሃ ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው በፍሪዘሩ ውስጥ ይተዉ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደህና ነው፤ ወደ ታች ከሰመጠ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና የረጋ ስለሆነ በረዶውን ብቻ ሳይሆን ሥጋውንም ይጠርጥሩ።

በረዶው ከሸተተ፦ ያልተከደነ ሽንኩርት፣ ቅቤ ወይም ሥጋ በአካባቢው አለ፣ ወይም በረዶው ሳምንታት ቆይቷል። ሳጥኑን በለብታ ውሃና በሶዳ ይጠቡ፣ አድርቀው ይመልሱ።

ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ወይም ወደ ገጠር ሲሄዱ ክንዱን ወደ ላይ ያንሡ፣ የቅርንጫፉን መዝጊያም ይዝጉ።

እንዲህም ተደርጎ ካልሠራና ጥገናው ከሚገኘው በረዶ ዋጋ በላይ ከሆነ፣ መሥሪያውን ለዘለቄታው ያቁሙት፦ መዝጊያውን ይዝጉ፣ ቱቦውን ፈትተው የቲውን አፍ በክዳን ያሽጉ፣ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ባለሙያ መሥሪያውን አውጥቶ የገመዱን ጫፍ በቴፕ ይጠቅልለው፣ የመሙያ ቱቦው የሚገባበትንም ቀዳዳ ይድፈነው። በተለቀቀው ቦታ ላይ ሦስት የበረዶ ቅርጽ ጎን ለጎን ይገባል።